የቡና ልጣጭ ወንዝ ይጎዳል?

«ባሕር በሌለበት ቦንጋ የውሃ ብክለት ተመራማሪ ምን ይሠራል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፦ በቡና ለቀማ ወቅት እሸት ቡና ማጠቢያዎች አካባቢ ፈልጉኝ።

«ልጣጩ ተፈጥሯዊ ነው፤ ወንዝ አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው። ልጣጩና የፍሬው ልሃጭ ስኳር አላቸው። ወንዝ ሲገቡ ባክቴሪያዎች እየተመገቧቸው ይራባሉ፤ በውሃው የሟሟውን ኦክስጅንም ይጨርሳሉ። ያኔ ዓሣው ይታፈናል። ፍሳሹ ሲብላላ ደግሞ ይኮመጥጣል። ሽታውንማ የማጠቢያ ጎረቤቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ!

«ወንዙ ይወስደዋል» ለምትሉም፦ የእኛው ጎጀብ ወንዝ ኦሞን ይቀላቀላል፤ ኦሞ መውጫ በሌለው ቱርካና ሐይቅ ያበቃል። ዋናው ጉዳት ግን እዚያ ሳይሆን ከማጠቢያው ግርጌ ባሉ ትንንሽ ጅረቶች ላይ ነው።

ልጣጩን ለይታችሁ ኮምፖስት አድርጉት። ፍሳሹን ከወንዝ ራቅ ባለ ጉድጓድ አቆዩት፤ ቀጥሎ በቬቲቨር ሣር መካከል አሳልፉት።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ማጠቢያው ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅም ጨምሩበት።