ማኅተሙ ሳይፋቅ፦ የሶቪየት ዘመን የቼዝ ጠጠሮችና ጥገናቸው

በሶቪየት ኅብረት ቼዝ በመንግሥት ድጋፍ የተስፋፋ፣ በፋብሪካ ክበባት፣ በትምህርት ቤቶችና በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሳይቀር የሚዘወተር ጨዋታ እንደ ነበር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1925 በሞስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር 21 ተጫዋቾች ተካፍለው ቦጎልዩቦቭ አንደኛ፣ ላስከር ሁለተኛ፣ የጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካ ሦስተኛ ወጡ። በዚያው ዓመት በተሠራው «የቼዝ ትኩሳት» በተባለ አጭር አስቂኝ ፊልም ላይም ካፓብላንካ ራሱ ታይቷል። ይህን ያህል የተስፋፋ ጨዋታ ብዙ ጠጠር ይፈልጋልና የእጅ ባለሙያዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያመርቱ ኖሩ።

ዛሬ እነዚያ ጠጠሮች በብዙ አገሮች ሰብሳቢዎች የሚፈለጉ ቅርሶች ሆነዋል። አብዛኞቹ ግን ቀለማቸው የለቀቀ፣ ጆሯቸው የተሰበረ ፈረሶችና የተሰነጠቁ ወታደሮች ያሉባቸው ናቸው። ገዢው ሰው ወዲያው የብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ያነሣል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠጠሮቹ አሠራርና ስለ ጥገናቸው ሳይንስ ስንገልጽ፣ ከዚያ በፊት ዕቃውን ማንበብ ለምን እንደሚገባ አብረን ለማሳየት እንሞክራለን።

ከመልካቸው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1849 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበውና በይፋዊ ውድድሮች የምናየው የስታውንተን ቅርጽ፣ ንጉሡ በራሱ ላይ መስቀል፣ ጳጳሱም መሰንጠቂያ ያለው የጳጳስ ቆብ አለው። በብዙዎቹ የሶቪየት ጠጠሮች ላይ መስቀሉ የለም፤ በቦታው ሾጠጥ ያለ ወይም ክብ ጫፍ ይገኛል። ብዙ ጊዜም የነጩ ንጉሥ ጫፍ ጥቁር፣ የጥቁሩ ደግሞ ነጭ ነው። ሃይማኖትን የሚቃወመው መንግሥት መስቀሉን አስነሣ የሚለው ማብራሪያ በስፋት ይሰማል። እኛ ግን ይህን ብቻውን በቂ ምክንያት አድርገን አንወስደውም፤ ቋንቋው ራሱ ሌላ ታሪክ ይነግረናልና። ሩስያውያን ጳጳሱን «ስሎን» ማለትም ዝሆን፣ ግንቡን «ላድያ» ማለትም ጀልባ፣ ንግሥቲቱን «ፌርዝ» ይሏቸዋል። የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ በእኛም ጨዋታ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ፣ ዝሆኑም ፊል ይባሉ ነበር። ሁለቱም አገሮች ቃሉን የወረሱት ከፋርስና ከዐረብ ሰንጠረዥ ነው። በስሙ ዝሆን ለሆነ ጠጠር የጳጳስ ቆብ መቅረጽ የግድ አልነበረም።

የሳጥኑ ምስክርነት

የሶቪየት ጠጠሮች በአብዛኛው የሚቀመጡት ታጥፎ ሳጥን በሚሆን ሰሌዳ ውስጥ ነው። በሳጥኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የአምራቹ ስም፣ ዋጋውና አንዳንዴም ዓመቱ የታተመበት የቀለም ማኅተም ይገኛል። ይህ ማኅተም ዓመቱ ባይጻፍበት እንኳ ዕድሜን ለመገመት ይረዳል። «አርቴል» የሚል ቃል ካለበት ዕቃው እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ የተሠራ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል፤ እነዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከ1956 ጀምሮ ወደ መንግሥት ፋብሪካነት እየተዛወሩ በ1960 ጨርሰው ቀርተዋልና። በ1961 ደግሞ 10 አሮጌ ሩብል በ1 አዲስ ሩብል ስለ ተተካ፣ ለተመሳሳይ ዕቃ የታተመው ዋጋ ከፍተኛ ከሆነ ከለውጡ በፊት፣ ዝቅተኛ ከሆነ በኋላ መሠራቱን ያመለክታል። ባለ አምስት ማዕዘኑ የመንግሥት የጥራት ምልክት ከታየ ከ1967 ወዲያ ነው።

ማኅተሙ ከዚህም የከበደ ነገር ይይዛል። ሰብሳቢዎች «የሞርዶቪያ» ብለው የሚጠሩት፣ በጠንካራ ቅርጹ የሚወደድ ዓይነት አለ። ይህ ዓይነት በሞርዶቪያ በነበሩ የእስረኞች የሥራ ካምፖች ይመረት ነበር፤ በአንዳንድ ሳጥኖች ላይም በስም ፋንታ የተቋሙ ኮድ ብቻ ታትሟል። የሳጥኑን ውስጥ «ለማጽዳት» የሚፍቅ ሰው፣ የዚያን እንጨት ቀራጭ ማንነት የሚጠቁመውን ብቸኛ ፍንጭ ከአቧራው ጋር ያስወግዳል። ስለዚህ ማኅተሙ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠረጋል፤ አስቀድሞም ፎቶግራፍ ይነሣል።

እንጨቱና ልባሱ

ተራዎቹ ጠጠሮች በብዛት በቶርኖ ማሽን የተቀረጹ የበርች እንጨት ናቸው። ፈረሱ ግን በቶርኖ አይወጣም፤ ራሱ በእጅ ወይም በመቅረጫ ማሽን ይሠራል። አምራቹ ጊዜ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያቃልለው እርሱን ነው፤ እንዲያውም የአንድን ስብስብ ጥራት ለመመዘን ፈረሱን ማየት ይበቃል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ለውጡ እጅግ አነስተኛ ነው። የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተርበት መጠን ከመሐል ወደ ውጭ ከሚኮማተርበት በጥቅሉ እጥፍ ያህል ይሆናል። ድፍን ክብ ሆኖ የተቀረጸ መቀመጫ ከዓመታት በኋላ ሞላላ የሚሆነውና ከጠርዙ ወደ መሐል የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። በደረቅ ወቅት የተከፈተን ስንጥቅ በጠንካራ ሙሊት መድፈን ደግሞ አደገኛ ነው፤ እርጥበቱ ሲመለስ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ስፍራ ስለሚያጣ በሌላ በኩል ይሰነጠቃል። ጠጠሩን መጠነኛና የማይለዋወጥ እርጥበት ባለበት ክፍል ለሳምንታት አስቀምጦ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ስንጥቁን ያጠበዋል።

ልባሱን ለመለየት ቀላል ኬሚስትሪ ይበቃል። ከጠጠሩ ግርጌ በማይታይ ቦታ ላይ በጥጥ ጫፍ ጥቂት አልኮል እንነካለን። ልባሱ ወዲያው ከተጣበቀና ከለሰለሰ ሼላክ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ላክ ከተባለች ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚዘጋጅ ነው። አልኮሉ ካልነካው አሴቶን እንሞክራለን፤ በእርሱ የሚሟሟው በአብዛኛው የኒትሮሴሉሎስ ላከር ነው። ሁለቱም ካልበገሩት ኋላ የተቀባ ዘመናዊ ቫርኒሽ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ነጮቹ ጠጠሮች ዛሬ የማር መልክ ያላቸው ልባሱም እንጨቱም በብርሃንና በኦክስጅን ስለሚቀየሩ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ይህ መልክ አብሮ ይሄዳል፤ የቀጫጭኑ ቅርጾች ጠርዝም ይደፈጠጣል። ጥቁሮቹን በውሃ ማጠብ ደግሞ ቀለሙን ሊያነሣው ይችላል፤ በውሃ የሚሟሟ ማቅለሚያ የተጠቀሙ ብዙ ነበሩና።

ክብደት እንዲኖራቸው በግርጌያቸው እርሳስ ወይም ሌላ ብረት የተቀበረባቸውም አሉ። እንጨት ቀስ በቀስ የሚለቀው የአሴቲክ አሲድ ትነት እርሳስን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ይህ ዱቄት መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም፤ በትንፋሽ እፍ ማለት ፈጽሞ ክልክል ነው። ከትንንሽ ቀዳዳዎች የሚረግፍ የእንጨት ብናኝ ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ትል በውስጡ እየበላ ይሆናል። ጠጠሮቹን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሽየስ በሚያደርስ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት ያህል ማስቀመጥ ያለ መርዝ ይገድለዋል። ከወጣ በኋላ ፕላስቲኩ የሚከፈተው ጠጠሩ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ብቻ ነው።

የተሰበረን ለመለጠፍ ከቆዳና ከአጥንት የሚሠራውን የጥንት ኮላ እንመርጣለን፤ በሞቀ ውሃ ስለሚለቅ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ ሥራችንን ሊፈታው ይችላል። ኢፖክሲ ይህን ዕድል ይዘጋል። የጎደለ ወታደር ካለ ከዚያው ዓይነት እንጨት ማስቀረጽ ነውር የለውም፤ ሻጮች ከሁለት ስብስብ አንድ ሲያወጡ ከሚያደርጉት ሽፍንፍን እጅግ የተሻለ ነው። ቀለሙ ከነባሮቹ ጋር እስኪስማማ ድረስ መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ይሞከራል። ከመቀመጫው በታች የሚለጠፈው ጨርቅ ሳይለጠፍ ግን የተሠራበት ዓመትና «አዲስ» የሚል ቃል በእርሳስ ይጻፍበታል።