ነፋስ የወሰደው ወግ፤ ጣራ በሌለው አውቶሞቢል ላይ ድምፅና ሥዕል ስለ መቅረጽ

የአንድ ወዳጃችን አባት በወጣትነታቸው ዘመን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ የገዟት፣ ባለ ሁለት መቀመጫና ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀይ ፊያት ነበረቻቸው። አዛውንቱ አሜሪካን አገር ወደምትኖረው ልጃቸው ለመሄድ ጓዛቸውን ሲሸክፉ መኪናይቱም ለገዢ ታጨች። ከመለያየታቸው በፊት አንድ እሑድ ጠዋት ጣራዋን ከፍተው እስከ ቢሾፍቱ እንዲንሸራሸሩባት፣ በመንገድም ስለ እርሷ የሚያውቁትን ሁሉ ለወንድ ልጃቸው እንዲያወጉ፣ እኛም ይህንኑ በቪዲዮ እንድናስቀርላቸው ተማከርን። ካሜራዋን በዳሽቦርዱ ላይ ለጠፍናት፤ ልጅ መሪውን ያዘ፤ አባትም አርባ ደቂቃ ያህል ሲያጫውቱ ሄዱ።

ማታ ተሰብስበን ስንከፍተው የአባትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እጃቸው ይወራጫል፤ ልጅ ይስቃል። የሚሰማው ግን በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ በረዶ የመሰለ ጩኸት ብቻ ነው። ሥዕሉም ቢሆን እንደ ረጋ እርጎ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ነፋሱ ሰምቶኛል፤ እናንተ ናችሁ ያልሰማችሁኝ» ብለው አዛውንቱ ሳቁ። እኛ ግን ሳቅ አልመጣልንም፤ እስከ ጉዞአቸው የቀረው አንድ እሑድ ብቻ ነበርና።

በዚያ ሳምንት የሚያውቁትን ስንጠይቅና ስናነብ ሰነበትን። መጀመሪያ የተረዳነው ነገር ጥፋቱ የመሣሪያው ርካሽነት አለመሆኑን ነው። ማይክሮፎን በውስጡ አንዲት ስስ ሽፋን አለችው። የሰው ድምፅ አየሩን በጥቂቱ እየገፋና እየሳበ ሲደርስባት ትንቀጠቀጣለች፤ መንቀጥቀጧም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ነፋስ ደግሞ እንደ ክረምት ጎርፍ እየተጥመለመለ ይመታታል። ሽፋኒቱ የአየር ግፊትን እንጂ ግፊቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ ስለማትለይ፣ የሚበረታውን ተቀብላ ደካማውን ትጥላለች። በዚህ ላይ የነፋስ ግፊት የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲኬድ እንደ ምንም የተሰማ ወግ በ80 ድራሹ የሚጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

በክፍት መኪና ውስጥ የሰው ቃል መጥፋቱ የቆየ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ጣራ በሌለው መርሴዲስ 300 ኤስ.ኤል.አር. ከብሬሻ ተነሥቶ በሮማ በኩል ዞሮ ወደ ብሬሻ የሚመለሰውን የሚሌ ሚልያ ውድድር ሲሮጥ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ዴኒስ ጄንኪንሰን የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ጄንኪንሰን የመንገዱን ጠመዝማዛ ሁሉ አስቀድሞ አጥንቶ አምስት ሜትር ያህል በሚረዝም የወረቀት ጥቅል ላይ ጽፎ፣ ጥቅሉን መስኮት ባለው ሣጥን ውስጥ አስገብቶ እያዞረ ያነበው ነበር። ይሁን እንጂ ያነበበውን በአፉ ለመናገር አልቻለም። በሞተሩ ጩኸትና በነፋሱ መካከል ቃል የማይደመጥ በመሆኑ ሁለቱ ሰዎች የእጅ ምልክቶች አውጥተው፣ ጄንኪንሰን በእጁ እያመለከተ ሞስ እያየ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ። በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድም አሸነፉ። የመኪናዋ ቁጥር 722 መሆኑ፣ ከጠዋቱ በፈረንጆች አቆጣጠር 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ የተነሣች ስለ ሆነ ነው። እነዚህ ሰዎች ከነፋስ ጋር መጯጯኹን ትተው ሌላ መንገድ መፈለጋቸው ለእኛም ትምህርት ሆነን።

ስለ ሥዕሉ ደግሞ የለ ማን ነገር አለ። አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን ስለዚያ የ24 ሰዓት ውድድር ፊልም ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ እውነተኛው ፍጥነት እንዲታይ ካሜራው በውድድሩ ውስጥ መግባት አለበት አለ። ማክዊን መኪና መንዳት በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ1970 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ሰብሪንግ ላይ፣ ግራ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሳለ፣ ከፒተር ሬቭሰን ጋር በፖርሽ 908 ሁለተኛ ወጥቶአል። በሰኔ ወር ለ ማን ላይ ግን ኩባንያው ያስመዘገባትን ጣራ የሌላት ፖርሽ 908 የነዱት ኸርበርት ሊንጌና ጆናታን ዊልያምስ ናቸው። ቁጥሯ 29 ነበር፤ ከፊትና ከኋላ ካሜራዎች ተሸክማለች። ለዚህም የተከፈለውን ዋጋ አንባቢ ይገምተው። ለሲኒማ የሚሆን 305 ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲነሣበት 11 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው። መኪናይቱ ነዳጅ ከመቅዳት ሌላ ፊልም ለመለወጥም እየቆመች፣ ቀንና ሌሊት፣ ዝናቡ ሳይቀር እየወረደባት ሮጠች። እስከ መጨረሻው ደረሰች፤ ነገር ግን የሄደችው ርቀት ከተወሰነው በታች ስለ ሆነ ደረጃ አልተሰጣትም። በ1971 የወጣው ፊልም ዛሬም የሚታየው፣ በእኛ አስተያየት፣ ደረጃ ባልተሰጣት በዚች መኪና ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዐይን ከመኪናው ጋር መታሰር አለበት፤ ጆሮ ደግሞ ከነፋስ መሸሽ አለበት። ሁለቱን በአንድ ካሜራ ውስጥ አስቀምጦ ሁለቱንም ደኅና አድርጎ ማግኘት በክፍት መኪና ላይ አይሆንም። የእኛም ስሕተት ይኸው ነበር።

ሁለቱ ከተለያዩ ዘንድ ድምፁን ከወደ ሌላ ማምጣት አይቻልምን የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ፈረንሳዊው ክሎድ ለሉሽ በ1976 በአንድ የነሐሴ ማለዳ የፓሪስን ጎዳናዎች በመኪና እየከነፈ ያነሣት ዘጠኝ ደቂቃ የማትሞላ ፊልም አለችው። ያነሣባት መኪና ለስላሳ አካሄድ ያላት ትልቅ መርሴዲስ ስትሆን፣ የሚሰማው ጩኸት ግን ኋላ የተጨመረ የፌራሪ ድምፅ መሆኑን ራሱ ተናግሮአል። ቀይ መብራት እየጣሰ ሰው በሚሻገርበት ከተማ መብረሩን የምናደንቅለት አይደለንም። ድምፁን በተመለከተ ደግሞ፣ ለጨዋታ የተሠራ ፊልም ከሆነ ይሁን እንላለን። የአንድ አባትን ወግና የመኪናውን ሞተር ለልጅ ልጅ ለማቆየት ለሚሻ ሰው ግን የሌላ መኪና ጩኸት ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ጆሮውን እዚያችው መኪና ውስጥ መደበቅ ነበረብን። ነፋስ የማይደርስባቸው ቦታዎች ከተፈለጉ አይጠፉም፤ ከመቀመጫው ኋላ ወለሉ ላይ፣ በተሳፋሪው እግር ሥር፣ ወይም የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ። የማርሚታውን ድምፅ የሚፈልግ ከኋላው ፓራውልት ውስጥ ሸሸግ አድርጎ ያስራል፤ ትኩሱ ጭስ በቀጥታ የሚተፋበት ቦታ ከሆነ ግን ማይክሮፎኑን ይቀቅለዋል። ለሰው ድምፅ በልብስ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክሮፎን ይሻላል፤ እርሱንም ከኮቱ ሥር ደረት ላይ መሰካት ነው።

ማይክሮፎኑን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። ዋናው ነገር ነፋሱ ሽፋኒቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቀስ በቀስ እንዲደክም ማድረግ ነው። ለዚህም መጀመሪያ ስፖንጅ፣ ከላዩ ደግሞ ረጅም ጠጉር ያለው ሰው ሠራሽ ፀጉር ይለበሳል። እኛ ያገኘነው ከአንድ አሮጌ የልጅ ኮት አንገትጌ ላይ የተቀደደ ነበር፤ ሥራውን ግን በሚገባ ሠራ። ከዚህ ሌላ ብዙዎቹ መቅረጫዎች ከ100 ኸርትዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉምጉምታ የሚቀንስ ማጥሪያ አላቸው፤ ያንን መክፈት ነው። የድምፁን መጠንም መሣሪያው በራሱ እንዲወስን መተው አይገባም። ሞተሩ ሲጮኽ ዝቅ፣ ሲያርፍ ከፍ ስለሚያደርገው፣ መኪናው ሲፈተለክ የሚሰማው ግለት ሁሉ ተደልድሎ ይቀራል። ሞተሩን በጣም አስጩኾ መጠኑን በእጅ መወሰንና ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበጃል። አዳዲሶቹ መቅረጫዎች የተትረፈረፈን ድምፅ ኋላ ለመመለስ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሽፋኒቱ ራሷ በነፋስ ከተደበደበች የሚመለስ ነገር የለም።

ሥዕልና ድምፅ ተለያይተው ሲቀረጹ ኋላ የሚገናኙበት ምልክት ያስፈልጋል። ከመነሣት በፊት በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ፣ በመጨረሻም እንዲሁ ማድረግ። በመጨረሻ የሚጨበጨበው፣ የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት ቀስ በቀስ ስለሚለያይ ነው።

የሥዕሉ መንቀጥቀጥ ምክንያት ሌላ ነው። የዛሬ ካሜራዎች ሥዕሉን የሚያነቡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ስለ ሆነ፣ አንዱን ሥዕል አንብበው ሳይጨርሱ ሞተሩ ካነቃነቃቸው የቀናው ምሰሶ ጠማማ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ካሜራውን የመኪናው አካል እስኪመስል ድረስ ማጥበቅ ነው። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ መትከል ወይም በሰው ራስ ላይ ማሰር ነገሩን ያብሰዋል። ካሜራው ውስጥ ያለውን ሥዕል የሚያረጋጋውን መሣሪያም በብዙ ጊዜ ማጥፋት ይሻላል፤ ከአድማሱ ጋር ልርጋ ሲል በየጠመዝማዛው ዳሽቦርዱን ያስጨፍረዋልና። ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ደግሞ ካሜራው ብርሃኑን ለመቀነስ መዝጊያውን እጅግ ስለሚያፈጥን መንገዱ እየተቆራረጠ የሚዘል ይመስላል። እንደ ፀሐይ መነጽር ያለ ጥቁር መስታወት ሌንሱ ላይ ቢደረግ መዝጊያው ይዘገያል፤ መንገዱም ይፈስሳል። ካሜራው ምንም ቢጠብቅ ሁለተኛ ገመድ ሊኖረው ይገባል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተፈንቅሎ ከኋላ የሚመጣ ሞተር ብስክሌተኛ ፊት ላይ ቢያርፍ ማንም ይቅርታ አያደርግልንም። ነጂውም ከተነሣ በኋላ መሣሪያ መንካት የለበትም።

በሁለተኛው እሑድ አንድ በያጅ ከመቀመጫዎቹ ኋላ በነበሩት የቡሎን ቀዳዳዎች ላይ አጭር የብረት ቱቦ አሰረልን፤ ካሜራዋን እዚያ ላይ አጠበቅናት። ከዚያ ሲታይ የአባትየው ፊት በጎን ብቻ ነው፤ እጃቸው፣ የልጃቸው ትከሻና መንገዱ ግን ሙሉ ናቸው። አንዱን ማይክሮፎን ከኮታቸው ሥር ሰካን፤ ሌላውን ጠጉሩን አልብሰን ከመቀመጫው ኋላ ወለሉ ላይ አስተኛን። የጎን መስታወቶቹ ወደ ላይ ተዘጉ። ልጅም ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ቃል ገባ፤ ከሁሉም ይልቅ የጠቀመን ምንም ገንዘብ ያልወጣበት ይህ ቃል ሳይሆን አይቀርም። አዛውንቱ እንደ ታዘዙት አንድ ጊዜ አጨበጨቡና «እንግዲህ ነፋሱ ጆሮውን ይድፈን» ብለው ጀመሩ።

ማታ ስናደምጠው ወጉ ከነትንፋሹ አለ፤ ከበታቹም የሞተሩ ድምፅ ማርሽ በተለወጠ ቁጥር ይሰማል። ቃሊቲን አልፈው አንድ ከባድ መኪና ሲቀድማቸው፣ መኪናይቱን በስንት ብር እንደ ገዟት የተናገሩባት ቃል ጠፍታለች። ልጅ ስልክ ደውሎ ቢጠይቃቸው፣ ያን ጊዜ ለእናቱም እውነተኛውን ዋጋ እንዳልነገሯት ገልጸው ዝም አሉ።