የእንዶድ አረፋና የአድዋ ቀንድ አውጣዎች

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በኦሞ ልብሱን የሚያጥብ ወጣት እንዶድን የሚያውቀው ምናልባት ከአያቱ አንደበት ነው። ነጠላና ጋቢ የሚያነጣው ይህ ፍሬ ግን በሕክምና ምርምር ታሪክ ትልቅ ስም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አረፋው ከሚወርድበት በታች በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፤ ከላይ በኩል ያሉት ግን ደህና ናቸው። ዶክተሩ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ ካደረጉ በኋላ አንዷን አጣቢ ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። ከበሽተኛው ሽንት ወይም ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ የገባው እንቁላል ይፈለፈላል፤ ከዚያ የሚወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ በመጨረሻም ውኃው ውስጥ የቆመውን ገበሬ ወይም የሚዋኘውን ሕፃን ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቀንድ አውጣ ለመግደል ከውጭ የሚገዛው ኬሚካል ውድ ነው፤ እንዶድ ግን ጓሮ ይበቅላል።

የውጭ ተቋማት ግን ለዚህ የአገር ቤት ግኝት ጆሮ ለመስጠት ዓመታት ፈጀባቸው፤ ያስቆጫል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም አሜሪካ ውስጥ፣ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውኃ ቱቦ የሚደፍኑ ዛጎል ለበሶችን እንደሚገድል ታይቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዘገበበት።