ሞተሩን አትክሰሱት፦ የፕሮፔለር መጠንና የሞተር ዙር

በወርክሾፓችን ጥግ፣ በብረት መቆሚያ ላይ የታሰረውን አሮጌ የቮልስ ሞተር ያላየ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የእኔና የሦስት ጓደኞቼ የመመረቂያ ፕሮጀክት እሱ ነው። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ሰዎች በግላቸው ለሚሠሯቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያገለግል 1600 ሲሲ ሞተር ላይ የእንጨት ፕሮፔለር ገጥመን፣ ወደፊት የሚገፋበትን ጉልበት መለካት። ፕሮፔለሩን ለሌላ አውሮፕላን ከተነደፈ ሥዕል ላይ ወሰድነው፤ ዲያሜትሩ 152 ሳንቲ ሜትር ነው። በኮላ ከተጣበቁ የዋንዛ ጣውላዎች አስጠረብነው። ለመቆሚያ ሙከራ ብቻ እንጂ ለበረራ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልናገር።

ሞተሩ ግን እምቢ አለ። በደቂቃ 3400 ዙር ስንጠብቅ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍተንለት 2600 ላይ ቆመ። ካንዴላ ቀየርን፤ ያው ነው። ካርቡሬተሩን ፈትተን አጠብን፤ ያው ነው። የቫልቭ ክፍተት አስተካከልን፤ አሁንም 2600። በመጨረሻ «ፒስተኑና ሪንጉ አልቋል» ብለን ፈረድንበትና ሞተሩን ለማሳደስ ከኪሳችን ገንዘብ ማዋጣት ጀመርን። ይህን የሰሙት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የወርክሾፑ ቴክኒሻን፣ መጥተው የአራቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ለኩና «ልጆች፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። መጀመሪያ የጫናችሁበትን ጠይቁ» አሉን። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የእሳቸው ንግግር ነው።

ፕሮፔለር ጭነት ነው

እኛ ፕሮፔለሩን እንደ አንድ ተቀጥላ ዕቃ ነበር የምናየው። ሞተሩ ኃይል ያመነጫል፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ ዝም ብሎ ይዞራል ብለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ አንድ ሞተር በስንት ዙር እንደሚሠራ የሚወስነው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ሞተሩና ፕሮፔለሩ ተስማምተው ነው። በአራተኛ ማርሽ የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት የሞከረ ሾፌር ይህን ያውቀዋል። ነዳጅ ቢረግጥም ሞተሩ ያጓራል እንጂ ዙር አያነሳም።

አንድ ፕሮፔለር የሚውጠው ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ከዙሩ ኩብ እና ከዲያሜትሩ አምስተኛ ፓወር ጋር አብሮ ያድጋል። አምስተኛ ፓወር የሚለውን ልብ በሉ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ለእኛ ሞተር የሚስማማው ዲያሜትር 137 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። እኛ የገጠምነው 152 ነው። ልዩነቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ 11 ከመቶ ብቻ ነው። 1.11 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ግን 1.68 ገደማ ይሆናል። ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ በዚያው ዙር ለማዞር 68 ከመቶ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል ማለት ነው። የቮልስ ሞተር ይህን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ዙሩን ይቀንሳል። የሞተሩ ቶርክ በዚህ የዙር ክልል ውስጥ ብዙም አይለወጥም ብለን ብንነሳ፣ ዙሩ በ1.68 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.3 ገደማ ተካፍሎ ይወርዳል። 3400 ለ1.3 ሲካፈል 2615 ነው። እኛ ሦስት ሳምንት የተጣላነው ቁጥር ይኸው ነው! ኃይል ደግሞ የቶርክና የዙር ብዜት ስለሆነ፣ ዙሩ ሲወርድ ከሞተሩ አቅም 23 ከመቶ ያህሉ ሳንጠቀምበት ቀረ። በመቆሚያ ላይ ይህ የሚያስከፍለው ገንዘብና ጊዜ ነው። ሜዳው እያለቀበት ለመነሳት ለሚታገል አብራሪ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የጫፉ ፍጥነት

ሁለተኛው ገደብ ድምፅ ነው። የፕሮፔለሩ ጫፍ በአንድ ዙር የሚጓዘው የክቡን ዙሪያ ሙሉ ነው። ዲያሜትሩን በ3.14 እና በሰከንድ ባለው ዙር ብታባዙ የጫፉን ፍጥነት ታገኛላችሁ። የእኛ 152 ሳንቲ ሜትር ፕሮፔለር እንደ ምኞታችን 3400 ዙር ቢዞር ኖሮ ጫፉ በሰከንድ 271 ሜትር ይበር ነበር። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው። ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር የአየሩ መቋቋም በድንገት ይጨምራል፤ ጩኸቱም ጆሮ ይበጥሳል፤ ኃይሉ ግፊት መሆኑ ቀርቶ ይባክናል። የእንጨት ፕሮፔለር ጫፉ ወፍራም ስለሆነ ይህ ችግር ቀድሞ ይደርስበታል።

ለማነጻጸር፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው የሴስና 150 ፕሮፔለር 175 ሳንቲ ሜትር ነው። በ2750 ዙር የጫፉ ፍጥነት በሰከንድ 252 ሜትር ይሆናል፤ ደህና ነው። ያንኑ ፕሮፔለር በ3400 ዙር ብናዞረው ግን 311 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ «ለሴስና የሠራ ለእኔም ይሠራል» ማለት አይቻልም።

ታዲያ ለምን አሳጥረን አንገላገልም?

ሁሉም ቢያጥር ጥሩ ነበር፤ ግን ማጠርም ዋጋ አለው። ግፊት የሚገኘው አየርን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። ብዙ አየርን በዝግታ መግፋት ጥቂቱን በኃይል ከመወርወር ይሻላል፤ ምክንያቱም ግፊቱ ከአየሩ ፍጥነት ጋር፣ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ በእኩል ኃይል የሚሠሩ 137 እና 175 ሳንቲ ሜትር ፕሮፔለሮችን ብናወዳድር፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ትልቁ 18 ከመቶ ያህል የበለጠ ይገፋል።

ትልቅና ዝግተኛ ፕሮፔለር ከፈጣን ሞተር ጋር የሚስማማው በመካከላቸው የዙር መቀነሻ ሲኖር ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 (እ.ኤ.አ.) ያደረጉት ይህንን ነው። የሞተራቸውን ዙር በሰንሰለት ቀንሰው 2.6 ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያላቸውን ሁለት ፕሮፔለሮች በዝግታ አዞሩ። የዘመናችን ሮታክስ 912 ሞተርም በደቂቃ እስከ 5800 ይዞራል፤ 2.43 ለ1 በሆነው ማርሽ ግን ፕሮፔለሩ የሚያገኘው 2387 ዙር ብቻ ነው።

ቮልስን በግላቸው ወደ አውሮፕላን ሞተር የሚለውጡ ሰዎች አብዛኞቹ ማርሹን ትተው ፕሮፔለሩን በቀጥታ ክራንክሻፍቱ ላይ ያስራሉ። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ በማርሽ ወይም በቀበቶ ሳቢያ የሚመጣውን የመጠማዘዝ ንዝረትም ያስቀራል። የሚከፈለው ዋጋ ግን አጭር ፕሮፔለር ነው። ከዚህም ሌላ ክራንክሻፍቱ ለመኪና እንጂ በጫፉ ከባድ ፕሮፔለር እንዲሸከም አልተሠራም፤ ትልቅና ከባድ ሲታሰርበት ሊሰበር ይችላል። የቮልስ ሞተርን ለአውሮፕላን ማሰብ በአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በዓለም መገናኛ ብዙኃን የተወራላት የአስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ አውሮፕላን የተሠራችው በቮልስዋገን ሞተር ነበር።

ፒችና የአዲስ አበባ አየር

ፒች ማለት ፕሮፔለሩ ልክ እንደ ብሎን እንጨት ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። አንድ ሜትር ፒች በ3400 ዙር በሰዓት 204 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። አየር እንጨት ስላልሆነ አውሮፕላኑ ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ይበራል። ፒች ሲበዛ በመነሻ ላይ ሞተሩ ይታፈናል፤ ሲያንስ ደግሞ በበረራ ላይ ዙሩ ከልክ በላይ ይወጣል። አውሮፕላኑ እየፈጠነ ሲሄድ የፕሮፔለሩ ጭነት ስለሚቀል፣ ቆሞ የሚገኘው ዙር ከሞተሩ የመጨረሻ ገደብ በታች መሆን አለበት።

እኛ ያለንበት ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር በሩብ ያህል ያንሳል። የሞተሩ ቶርክም የፕሮፔለሩ ጭነትም አብረው ስለሚቀንሱ ዙሩ ብዙም አይለወጥም። አሳሳቹም ይኸው ነው! ዙር ቆጣሪው «ደህና ነው» እያለ ግፊቱ ሩቡን አጥቷል። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ ለመነሳት በመሬት ላይ 16 ከመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል።

መጨረሻው

የድሮውን ፕሮፔለር ጫፉን አልቆረጥነውም፤ ጫፉ ብቻ ሲቆረጥ የምላጩ ቅርጽ ስለሚለወጥ ከላይ ያለው ስሌት በትክክል አይሠራም። ሁሉንም ልኬት በእኩል አሳንሰን 137 ሳንቲ ሜትር የሆነ አዲስ አስጠረብን። ከሚሽከረከርበት ክብ ጎን ማንም እንዳይቆም አድርገን አስነሳነው። 3300 ዙር ሰጠን። ካሰብነው ትንሽ ያነሰው ቶርክ ዙር ሲጨምር በመጠኑ ስለሚወርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሞተሩ አንድም ዕቃ አልተለወጠም፤ ያዋጣነው ገንዘብም ለእንጨትና ለጠራቢ ዋለ።

ከእኛ በኋላ ይህን ሞተር ለምትረከቡ ተማሪዎች ቅደም ተከተሉን ልተውላችሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ደህና ኃይል የሚሰጥበትን ዙር እወቁ። ከዚያ የጫፉን ፍጥነት አስልታችሁ የዲያሜትሩን ጣሪያ አግኙ። ቀጥሎ ሞተሩ ያንን ዲያሜትር መሸከሙን በአምስተኛው ፓወር ፈትሹ። ፒቹን በመጨረሻ ለምትፈልጉት የበረራ ፍጥነት ምረጡ። ዙር አልወጣ ካለ ደግሞ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሜትር አንሱ፤ ፕሮፔለሩን ለኩት።