ውሃና ናፍጣ፦ ተረትና እውነታ

ከሐዋሳ ወደ ሐገረ ሰላም ሽቅብ የሚወጣ የተጫነ አይሱዙ ከኋላው የሚለቀው ጥቁር ጭስ ለመንገደኛው አዲስ አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በቂ አየር ያላገኘ ናፍጣ ደግሞ ጥላሸት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ አሳውቋል። ጭስ ለመቀነስ ከተሞከሩት መላዎች አንዱ ናፍጣን ከውሃ ጋር ማዋሃድ ነው። በዚህ ዙሪያ ግን እውነቱና ተረቱ ተቀላቅሏል።

«ውሃ የገባበት ናፍጣ ሞተር ያበላሻል» የሚለው፣ ውሃው ለብቻው ከሆነ፣ እውነት ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፣ ብረቱን ያዝጋል። ፖምፓውና ኖዝሉ የሚለሰልሱት በናፍጣው በራሱ ስለሆነ ውሃ ሲደርስባቸው ይፋፋቃሉ።

ኢመልሽን የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው በማይክሮሜትር የሚለኩ ነጠብጣቦች ሆኖ ናፍጣው ውስጥ ይበተናል፤ ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ሳሙና መሰል ኬሚካል ይይዛቸዋል። ድብልቁ ወተት ይመስላል። ሲሊንደር ውስጥ ሲረጭ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ ከውስጥ ፈንድቶም ናፍጣውን ይበትነዋል። የተበተነው ናፍጣ አየር በደንብ ስለሚያገኝ ጥላሸቱ ይቀንሳል። ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ደግሞ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ያንሳል። ሉብሪዞል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያዘጋጀውን እንዲህ ያለ ነዳጅ የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያጸድቅ፣ የጥላሸት ቅንጣቱን 63 በመቶ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን 14 በመቶ እንደሚቀንስ መዝግቧል። ፓሪስ ውስጥም ኤልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ያመረተው 13 በመቶ ውሃ ያለበት ነዳጅ በአውቶቡሶች ተሞክሯል።

«ውሃው ራሱ ይቃጠላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ተረት ነው። መቶ ሊትር ድብልቅ ውስጥ 15 ሊትር ውሃ ካለ የሚቃጠለው 85ቱ ብቻ ነው፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይወርዳል። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ የሐገረ ሰላም አቀበት ላይ ግን ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ያውቀዋል።

ከሁሉም የሚያሰጋው «ጀሪካን ውስጥ ነቅንቆ መሥራት ይቻላል» የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የቻለችው ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ውሃ ግን ናፍጣ ውስጥ አይሟሟም። በእጅ የተነቀነቀው ድብልቅ ብዙም ሳይቆይ ይለያያል፤ ከታች የሚቀረው ውሃም በቀጥታ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል።

ጭሱ ያስቸገረው ባለ አይሱዙ ያለ ኢመልሽንም ብዙ ማድረግ ይችላል፦ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት ወይም መቀየር፣ ኖዝሉን ማስፈተሽ፣ ከልክ በላይ አለመጫን። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻም፣ በተለይ በክረምት፣ አዘውትሮ መክፈት ይኖርበታል።