«ዘንድሮ መች ታመምኩና?»፦ የጤና መድህን ቀስቃሾች ትውውቅ

በክረምት ከደቡብ ወሎዋ ደጎሎ ከተማ ወጥቶ የጃማን ሜዳ ማቋረጥ ፈተና ነው፤ ዋልካው ጫማ አስወልቆ ያስቀራል። ጥርና የካቲት ሲመጣ ግን መሬቱ ይደርቃል፤ ስንዴውና ጤፉ ተወቅቶ፣ ምስሩ ገበያ ወጥቶ፣ የገበሬው ኪስ ትንሽ ሞቅ ይላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ቀስቃሾች ቤት ለቤት መዞር የሚያጧጡፉት ያኔ ነው። አንዷ ደረሰኝ ትይዛለች፣ አንዱ መዝገብ፣ ሌላው ለውሻ የሚሆን ዱላ። ከመንግሥት ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ብልሃት እየጠየቀ ይህን ያህል ምስጋና የተነፈገው ሌላ ሥራ አላውቅም።

መድህኑ ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለአልጋ ኪሱን አይዳብስም። የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ነበር። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ተሁለደሬ ማለት የደቡብ ወሎዋ ሐይቅ ከተማ ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ ደቡብ ወሎ በዚህ ነገር ለማንም ተከታይ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውስጡ ነበር።

ነገሩ ከላይ የመጣ የፖለቲካ አጀንዳ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። በአቶ መለስ ዜናዊ መንግሥት ዘመን፣ ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ሳሉ የተጀመረ ነው። አጀንዳውን ወደ ጎጆው ያደረሰው መንገድ ግን ከዚያ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በተቻለ መጠን ከዚያው ከአካባቢው የተመለመሉ። አብዛኛውን የሥራ ጊዜያቸውን ከጤና ኬላው ወጥተው በየቤቱ እንዲያሳልፉ ነበር የታሰበው። የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፍረዋል፣ አጎበር አሰቅለዋል፣ እናቶችን ለክትባት ቀስቅሰዋል። መድህኑ ሲመጣ የየቤቱን ውሻ ስም ሳይቀር የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

በየደጃፉ ለጤና አጀንዳ መቀስቀስ የእኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ኦባማ ደጋፊዎች የጤና መድህን ሕጉ እንዲጸድቅ በር እያንኳኩ ሰው ሲያሳምኑ ከርመዋል፤ ሕጉ በማግስቱ ዓመት መጋቢት ላይ ተፈረመ። የእነሱ ቀስቃሽ ግን የሚለምነው ድጋፍ ነው፦ ለተወካይህ ደውል፣ ስምህን ጻፍ ይላል። የእኛዋ የምትጠይቀው ብር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው በር ላይ ተመልሳ መቆም አለባት። ልዩነቱን በር ያንኳኳ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። ቀስቃሾች ከሚሰሙት ምላሽ ሁሉ እንደ «ዘንድሮ መች ታመምኩና? ብሬ በከንቱ ቀረ» የሚለው የሚያናድደኝ የለም። ይህን የሚለው ገበሬ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የወረዳ ሠራተኛ ሲለው ሰምቻለሁ፤ አስተማሪ ሲለው ሰምቻለሁ። «ያልታመመ ሰው ግማሹ እንኳ ሊመለስለት ይገባል» ብሎ የተከራከረኝም አለ።

እስቲ ስሌቱን እንየው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ጎጥ መቶ አባወራዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ 500 ብር ቢያዋጣ 50,000 ብር ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ አሥር ቤት ታመመ፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ 4,000 ብር ወጣ፤ 40,000 ብር ሄደ። ቋቱ ተርፎታል፤ የታመመውም በሬውን አልሸጠም። ቀጣዩ ዓመት ሲመጣ፣ ካልታመሙት መካከል ሰባው «መች ታመምንና» ብለው ቀሩ። የተመለሱት ሠላሳው ናቸው፤ አሥሩ ሕመምተኞች እነሱ ውስጥ አሉ፤ ምክንያቱም የታመመ ሰው ማደስ አይረሳም። የተሰበሰበው 15,000 ብር፣ የሚያስፈልገው ያው 40,000። የጎደለው 25,000 ብር ነው፤ የአምናው ትርፍ አይሸፍነውም፤ ማን ይክፈል? ጤና ጣቢያው ዕዳ ይዞ ይቀራል፣ የመድኃኒት መደርደሪያው ይራቆታል፣ የከፈሉት ሠላሳውም «መድህን ውሸት ነው» ብለው በሦስተኛው ዓመት ይበተናሉ። ጎጡ መድህን ያጣው ሕመምተኛው በዝቶ ሳይሆን ጤነኛው ሸሽቶ ነው። ያልታመመው ሰው ብርም የትም አልባከነም፤ ጎረቤቱ አልጋ ላይ በተኛ ጊዜ ተከፍሏል።

ጎበዝ ቀስቃሽ ግን ይህን ሁሉ ቁጥር ደጃፍ ላይ አትዘረግፍም። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንዴት እንደምትጀምር አይቻለሁ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አዝመራው ይጠየቃል። ከዚያ «አባባ፣ ቅሬ ስንት ዓመት ከፈሉ?» ትላለች፤ ቅሬ በወሎ ዕድር ማለት ነው። «እኔ እንጃ፣ ከአባቴ ጀምሮ ነው» ይላሉ። «ከቤትዎ ሰው ባልሞተበት ዓመት ብሬን መልሱ ብለው ያውቃሉ?» ስትል ሽማግሌው ይስቃሉ።

የቅሬው ንጽጽር ግን የሚያስኬደው እስከ አንድ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ቀስቃሽ ይሳሳታል። ቅሬ ሥራውን አደባባይ ያሳያል፦ ሰው ሲሞት አገሩ ሁሉ ድንኳኑን ያያል፣ ንፍሮውን ይቀምሳል፣ ያዋጣው ብር ምን እንደሠራ በዓይኑ ያረጋግጣል። ቅሬ ቅጣትም አለው፤ የቀረ ሰው ነገ ቀባሪ እንዳያጣ ይፈራል። የመድህን ብር ግን የሚሠራው ተደብቆ ነው። ሴትዮዋ ሌሊት በቃሬዛ ትወሰዳለች፣ ደሴ ድረስ ትላካለች፣ ድና ትመለሳለች፤ ስንት እንደወጣባት ጎረቤቷ አያውቅም። አንዳንዴ ራሷም አታውቅም፤ ሳትከፍል ወጥታለቻ! ስለዚህ የቀስቃሽ ዋናው ሥራ ያልታየውን ማሳየት ነው። ያቺ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ብቻዋን አትዞርም፤ ባለፈው ዓመት ኦፕራሲዮን ተደርጋ የዳነች አንዲት የመንደሩን እናት ይዛ ትሄዳለች። እናቲቱ ስለ መድህን ሕግ አንድ ቃል አትናገርም፤ የሆነችውን ታወራለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ ትመርቃለች። ከመቶ ፖስተርና ከመኪና ላይ የድምፅ ማጉያ ይልቅ እሷ ታስከፍላለች።

ይህ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ወደ ወንጪት ወንዝ ቁልቁል በሚወርደው አቅጣጫ አንድ አዛውንት «አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ ለበሽታ ብር ማስቀመጥ በሽታን መጥራት ነው» አሉን። ባለሙያዋ «አባባ፣ ጤናዎን ከአላህ፤ ብሩን ለታመመ ጎረቤትዎ እንደ ሰደቃ ይቁጠሩት» አለቻቸው። አሰቡበት። በዚያን ቀን አልከፈሉም፤ ቡናውን ግን በረካ ድረስ አስጠጥተው ሸኙን። በክርስቲያኑ ቤትም ቢሆን ምጽዋት ይባላል እንጂ ክርክሩ ያው ነው። ለዚህ ነው ኢማሙና ቄሱ ከቀበሌው ሊቀመንበር የበለጠ የሚያሳምኑት፤ ከጁምዓ በኋላ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ቀን ስብሰባ ይበልጣል።

ሌላም ጠብ አለ፤ የልጆች ዕድሜ። በመደበኛው መዋጮ የሚሸፈኑት ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ያለፈው ተጨማሪ ይከፈልለታል። ልደት ሳይመዘገብ በኖረበት አገር ግን 18 ዓመት መቼ እንደሞላ የሚያውቀው ማን ነው? «አጃው በተበላሸበት ዓመት ነው የተወለደው» ትላለች እናት፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ብዕሩን ይዞ ዓመቱን ሲፈልግ ግማሽ ቀን ያልፋል።

መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ሲታሰብ ከነዋሪው አሥር በመቶ ለሚሆኑት የደሃ ደሃዎች ነበር። የሚለዩት በኅብረተሰቡ ስብሰባ ነው። ሰው ፊት «እኔ ደሃ ነኝ» ማለት ለወሎ ሰው ከባድ ነው፤ ዝም ያለውን አይቶ ስሙን በጨዋ ደንብ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ያው ቤት ለቤት የዞረው ሰው ነው።

እንግዲህ ተጠቃሚውንም ልቆጣ። ከቤቱ አቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ ዘልሎ፣ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ፣ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ አለ፤ ከዚያ ግማሹን ክፈል ሲሉት «ተዘረፍኩ» ይላል። ሲጀመር የተነገረው ደንብ ነው። የመድህን መታወቂያውን ለጎረቤት የሚያውስ አለ፤ ያ ደግነት ሳይሆን ከጎጡ ቋት መስረቅ ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ሕክምና ካልተሸፈነልኝ ብሎ በጤና ኤክስቴንሽኗ ላይ የሚጮህም አለ፤ እነዚህ ከመጀመሪያውም ከጥቅሉ ውጭ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቅስቀሳን በኮታ የሚለካው ኃላፊ ነው። «በዚህ ሳምንት ይህን ያህል አባወራ» ተብላ የተላከች ልጅ ለሰላምታም ለቡናም ጊዜ የላትም። ደረሰኙን ከሌላ የቀበሌ አገልግሎት ጋር ማሰር ሲጀመርማ ቅስቀሳው ግብር ይሆናል፤ ግብር የከፈለ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን እንደረዳ አይሰማውም። መደርደሪያው ባዶ ከሆነም የቀስቃሿ ምላስ አይሞላውም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴን ሲነካ ሆስፒታሏ ሳይቀር ተዘርፏል፤ ከዚያ በኋላ በር ያንኳኳች ልጅ «ብንከፍል የት ልንታከም?» የሚል ጥያቄ ቢጠብቃት አይገርምም። ለዚህ መልስ ሊሰጣት የሚገባው የላካት ነው።

ስለዚህ ለወረዳ ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። ቀስቃሿን ከመላካችሁ በፊት የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ቤት ክፈቱና እዩ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንደታከመና ስንት ብር እንደወጣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧት፤ በየቅሬው ታንብበው። ላንባቢው ደግሞ፦ ጤነኛ ሆናችሁ ዓመቱን ከጨረሳችሁ ተመስገን በሉና አድሱ። በር የምታንኳኳውንም ልጅ ውሻውን ያዙላት፣ አስገቧት፣ አስቀምጧት።