ከአስፋልቱ ማዶ፤ የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ኮረኮንች መንገዶችና የብስክሌት ንግድ

በአያት፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ አዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ተዘርግታ ከእርሻው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝታለች። በዚህ ወገን ዋናው ጎዳና አስፋልት፣ የሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ኮረኮንች ነው። ለብስክሌት ነጋዴም ሆነ ለመለዋወጫ ባለሱቅ ዋናው ነገር ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ለለስላሳ ጎዳና ተብሎ የተሠራ ቀጭን ጎማ ያለው ብስክሌት እዚያ ሲደርስ ዕድሜው ያጥራል፤ ገዢውም ቅሬታውን ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ ሊታሰብበት የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመንግሥት መወሰኑና፣ በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው ጎዳና የብስክሌት መሥመር መሠራቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ያላግባብ የታዘዘ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሣራ ከቀድሞው ይልቅ የከበደ መሆኑ ነው።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ተወዳድሯል። በጠጠር መንገድ ላይ መጓዝ ራሱን የቻለ ስፖርትና ራሱን የቻለ ገበያ የሆነው ግን በቅርቡ ነው። በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ በኤምፖሪያ ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው 200 ማይል ያህል ርዝመት ያለው ውድድር ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ መታወቅ ትልቅ ምክንያት ሆነ። የዓለም የብስክሌት ማኅበርም የጠጠር መንገድ የዓለም ሻምፒዮናን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2022 በኢጣልያ በቬኔቶ አካሄደ። በአልፕስ ሸለቆዎች ያሉ ትናንሽ ከተሞች የእርሻና የደን መንገዶቻቸውን በምልክትና በካርታ እያዘጋጁ ብስክሌተኛውን ይጠሩታል፤ ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ጠጋኙም ከዚያ ይተዳደራል። የአዲስ አበባ ምሥራቅ ምልክትና ካርታ ባይኖረውም መንገዱ አለው።

መንገዶቹን በሦስት ወገን ለይቶ ማየት ይቻላል። በስተሰሜን፣ ከመገናኛና ከኮተቤ በላይ፣ የየካ ተራራና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የእንጦጦ ሰንሰለት ይገኛል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ ዳገት አለ። ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም በዚሁ በየካ ተራራ ላይ ነው። መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል የሚያልፍ፣ ድንጋይ የሚበዛበት ነው። በዚህ መሥመር አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው አሮጌው ዓይነት ብስክሌት አይወጣም፤ ካምቢዮ ያለው፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ የተገጠመለት ያስፈልጋል። ሲወርዱም የሚታመን ፍሬን ከመቼውም ይልቅ ይፈለጋል፤ እንጨት ተሸክመው በዚያው ቀጭን መንገድ ለሚወርዱት ሴቶች ቆሞ ማሳለፍ የብስክሌተኛው ግዴታ ነውና።

በስተምሥራቅ ከአያት ተነሥቶ በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ የሚሄደው የደሴ መንገድ አለ። ይህ አስፋልት ነው፤ የጭነት መኪና ስለሚበዛበትም ብዙ አያስመሰግንም። ጥቅሙ በግራና በቀኝ ወደ መንደሮቹና ወደ ለገዳዲ ግድብ አካባቢ ለሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች መዳረሻ መሆኑ ነው።

ሦስተኛውና ለነጋዴው ብዙ ትምህርት የሚሰጠው በደቡብ ምሥራቅ ያለው ወገን ነው። ከጎሮ፣ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክና ከቦሌ አራብሳ ባሻገር የጤፍ፣ የስንዴና የሽምብራ እርሻ ተዘርግቶ እስከ የረር ተራራ ግርጌ ይደርሳል። የረር ራሱ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ግርጌው ግን ሜዳማ ስለሆነ ለጀማሪም ይስማማል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ የበልግ ዝናብ ካልጣለ በቀር፣ ደርቆ እንደ ወለል ይጠነክራል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ያው መሬት በጎማው ላይ እየተጠቀለለ በፓራፋንጎና በሹካው መካከል ይሞላል፤ ብስክሌቱም መሽከርከሩን ትቶ በትከሻ የሚሸከሙት ዕቃ ይሆናል። በጎማውና በብረቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ብስክሌት መርጦ ማስመጣት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ፓራፋንጎውም በቀላሉ ተፈትቶ የሚነሣ ይሁን።

ወደ ደቡብ በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ ለመሄድ የሚያስብ ብስክሌተኛ የሚጠቀመው በነባሩ መንገድ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት አይፈቀድም።

ለእነዚህ መንገዶች የሚስማማው ጎማ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ይሁን እንጂ ስፋቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በብስክሌት ንግድ ውስጥ እንደ ጎማ ቁጥር ሰውን የሚያሳስት ነገር የለም። ‹‹26 ኢንች›› የሚባለው በተራራ ብስክሌት ላይ የ559 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ሲሆን፣ በአንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ላይ ግን 590 ነው። ‹‹28 ኢንች››ም እንደዚሁ በአሮጌው ባለከባድ ብረት ብስክሌት 635፣ በአዲሱ 622 ይሆናል። በሌላ በኩል ‹‹29 ኢንች›› እና ‹‹700 ሲ›› የሚባሉት፣ በስም ቢለያዩም፣ ሁለቱም 622 ናቸው፤ ‹‹27.5 ኢንች›› የሚባለው 584 ነው። ስለዚህ በትእዛዝ ወረቀት ላይ በኢንች ብቻ የሚጽፍ አስመጪ የማይገጥም ጎማ ሙሉ ኮንቴይነር ሊደርሰው ይችላል። መፍትሔው በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን፣ ለምሳሌ 40-622 የሚለውን ዓለም አቀፍ ምልክት መጻፍ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ባለሱቁም መደርደሪያውን በሁለተኛው ቁጥር ቢከፋፍል ገዢውን ሳያጉላላ ያስተናግዳል።

የካላማዳሪው ቫልቭም ትንሽ ነገር መስሎ ትልቅ ነው። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም፣ ሽሬደር የሚባል፤ ሁለተኛው ቀጭኑ፣ ፕሬስታ የሚባለው። በየመንገዱ ዳር ያለው ጎሚስታ በመኪና ማሽኑ የሚነፋው ወፍራሙን ነው። ቀጭኑን ለመንፋት ከናስ የተሠራች ትንሽ ማገናኛ ታስፈልጋለች፤ ማገናኛዋ ርካሽ ብትሆንም ከከተማ ውጭ ስትፈለግ አትገኝም። ወፍራሙ ቫልቭ ደግሞ ለቀጭኑ በተበሳ ቸርኬ ቀዳዳ አይገባም። ስለዚህ ብስክሌቱን ሲያዝዙ ቸርኬው ለወፍራሙ የተበሳ እንዲሆን መጠየቅ፣ ቀጭኑን ለሚይዙትም ማገናኛዋን በብዛት ማስመጣት ይበጃል። የግራር እሾህ በሚገኝበት አገር ካላማዳሪ የማያልቅ ገበያ አለው።

ስለ ፍሬን ሲሆን፣ በዘይት የሚሠራው ዲስክ የተሻለ ቢይዝም፣ ልዩ ዘይትና መሣሪያ ስለሚፈልግ በገመድ የሚሠራው ዲስክ ለዚህ አገር ይመረጣል። ገመዱን ማንኛውም ጠጋኝ ይለውጠዋል።

በጉምሩክ በኩል፣ ሞተር የሌለው ብስክሌት በዓለም አቀፉ የሸቀጦች ምደባ በ87.12 ይመደባል፤ መለዋወጫው በ87.14፣ አዲስ የብስክሌት ጎማ በ4011.50፣ ካላማዳሪ በ4013.20፣ የራስ መከላከያ ቆብ በ6506.10 ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው ግን በ8711.60 ስለሚገባ ከተራው ብስክሌት ጋር በአንድ መሥመር ማስመዝገብ ችግር ያመጣል። ተፈታትቶ የመጣ ሙሉ ብስክሌትም በጠቅላላው የአመዳደብ ደንብ መሠረት እንደ ብስክሌት እንጂ እንደ መለዋወጫ አይታይም። ቀረጡንና ታክሱን ከማዘዝ በፊት በወቅቱ ታሪፍ ማረጋገጥ የአስመጪው ፈንታ ነው።

ዕቃው በጅቡቲ ወርዶ በሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪያልፍ ጊዜ ይወስዳል። የጠጠር መንገዱ ወቅት የሚጀምረው በጥቅምት ስለሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ ማዘዝ ማለት ሸቀጡን ግማሹ ወቅት ካለፈ በኋላ መቀበል ነው።

ላኪዎችም ከዚህ ነገር የሚያገኙት አለ፤ ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደርሰው የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ባቋረጠባቸው ዓመታት ብዙ የውጭ አገር ብስክሌተኞች አዲስ አበባን አይተዋታል። በግሉ በአውሮፕላን የሚመጣው ብስክሌተኛ ብስክሌቱን በካርቶን አሽጎ ቦሌ ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ የሚያኽል ካርቶን ያስፈልገዋል። አዲስ ብስክሌት የሚመጣበት ካርቶን ለዚህ በቂ ነው፤ በቦሌ አካባቢ ያለ ባለሱቅ ጥቂቶቹን ሳይቀድድ ቢያስቀምጥ፣ ካርቶኑን ከማሸጊያ ፕላስተርና ከማሸጉ ሥራ ጋር አብሮ ሊሸጠው ይችላል።